የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞዳል ግሦች በእንግሊዝኛ ሪሌቲቭ ክሎዝ ውስጥ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ካን፣ ማስት፣ ሹድ፣ ሜይ የመሳሰሉት ሞዳል ግሦች (ችሎታን፣ ግዴታን ወይም ግምትን የሚያሳዩ ረዳት ግሦች) ከሁ፣ ከዊች ወይም ከዛት ኋላ፣ ማለትም ስምን በሚገልጸው ሪሌቲቭ ክሎዝ ውስጥ፣ ሲመጡ ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን ጽፈነዋል፤ ወደ ደብተር ሲገለበጥ ግን በላቲን ፊደል ይሁን።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ‹የማነበው መጽሐፍ› ወይም ‹ላነበው የሚገባኝ መጽሐፍ› ለማለት «ዘ ቡክ ዊች አይ ማስት ሪድ ኢት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ መጨረሻ ላይ ያለውን «ኢት» በቀይ ሰረዙት። አማርኛው ላይ ግን ‹ው› አለ፤ ታዲያ ለምን ይሰረዛል? የሞዳሉስ ቦታ የት ነው? (እኅታችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ናቸው። አንቺም ‹ው›ን ልብ ማለትሽ ግማሹን መልስ አግኝተሽዋል ማለት ነው፤ ስሕተቱ የመጣው ከዚያችው ‹ው› ነውና።

‹የማነበው› የሚለውን ቃል ፈታ አድርገሽ እዪው። ‹የም› ግሡን ከመጽሐፉ ጋር ያያይዛል፤ ‹አነብ› የሚለው ድርጊቱንም አድራጊውንም ይናገራል፤ ‹ው› ደግሞ ተሳቢውን፣ ማለትም መጽሐፉን ያመለክታል። አንድ ቃል ሁሉንም ጨረሰ። እንግሊዝኛ እነዚህን ነጣጥሎ በተራ ያሰልፋቸዋል፤ «ዊች» ግን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ያያይዛል፤ ደግሞም የ«ሪድ» ተሳቢ እሱ ራሱ ነው። «ኢት» ሲጨመር አንዱ መጽሐፍ በአንድ ግሥ ሁለት ጊዜ ተሳበ ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛው ግሥ ጫፍ ላይ ‹ው›፣ ‹ት›፣ ‹ኣት› ወይም ‹ኣቸው› ስታዪ በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ምንም አትጨምሪ፤ ሥራው ቀደም ብሎ በ«ዊች» ተሠርቷል።

አሰላለፉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስሙ፦ «ዘ ቡክ»። ቀጥሎ ማያያዣው፦ «ዊች» ወይም «ዛት»። ከዚያ አድራጊው፦ «አይ»። ከዚያ ሞዳሉ፦ «ማስት»። በመጨረሻ ምንም ቅጥያ የሌለው ግሥ፦ «ሪድ»። እዚያ ላይ ቁሚ። ስሙ ራሱ አድራጊ ከሆነ ሦስተኛው ደረጃ ይዘለላል፦ ‹ሊመልስ የሚችል ተማሪ› «ዘ ስቱደንት ሁ ካን አንሰር» ይሆናል።

በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ላይ አራት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። «ሁ ካንስ አንሰር» አይባልም፤ ሞዳል «ኤስ» አይወስድም። «ሁ ካን አንሰርስ» አይባልም፤ ከሞዳል ኋላ ያለው ግሥም አይወስድም። «ሁ ካን ቱ አንሰር» አይባልም፤ ሞዳልና ግሥ መካከል «ቱ» አይገባም። «ሁ ሂ ካን አንሰር» አይባልም፤ «ሁ» ራሱ አድራጊው ስለሆነ «ሂ» ትርፍ ነው። ሁለት አፈንጋጮች ግን አሉ። «ኦውት» ሁልጊዜ «ቱ»ን ያስከትላል። «ሃቭ ቱ» ደግሞ ትርጉሙ የሞዳል ቢሆንም ጠባዩ የተራ ግሥ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲሆን «ሁ ሃዝ ቱ» ይባላል።

አንድ ነገር እንጨምርልሽ፤ ምርጫ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት እዚህ ነው። ክሎዙ አለቀ ማለት ዐረፍተ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። «ዘ ስቱደንት ሁ ካን አንሰር ዚስ ኩዌስችን» ብሎ ማቆም ‹ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ተማሪ…› ብሎ እንደ ማቋረጥ ነው። ዋናው ግሥ ገና አልመጣም፤ «ኢዝ አብሰንት» ወይም «ሲትስ ኢን ዘ ፍሮንት ሮው» የሚል ሊከተል ይገባል። «ኤስ» የሚፈለገውም እዚህ ዋናው ግሥ ላይ ነው። በፈተና ላይ ሞዳሉንና ጓደኛውን ግሥ በእርሳስ ክበቢያቸውና «የቀረው ግሥ የታል?» ብለሽ ፈልጊ። ከምርጫዎቹ አንዱ ሌላ «ሁ» ወይም «ዊች» ይዞ ከመጣና ዋናው ግሥ ገና ካልተገኘ ያ ምርጫ ወጥመድ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁ»ን እና «ዛት»ን መጣል ይቻላል ይባላል። መቼ ነው የሚጣሉት? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሞዳል ሲኖር መለየቱ እንዲያውም ይቀልላል። ከማያያዣው አጠገብ ምን እንዳለ ይመልከቱ። ወዲያው ሞዳሉ ከተከተለ («ዘ ማን ሁ ካን ሄልፕ ዩ») መጣል አይቻልም። «ዘ ማን ካን ሄልፕ ዩ» ካሉ ‹ሰውየው ሊረዳዎት ይችላል› የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ኢዝ ኢን ዘ ኦፊስ» የሚጠጋበት ያጣል። ከማያያዣው ቀጥሎ ሌላ ስም ወይም ተውላጠ ስም ካለ («ዘ ማን ሁ ዩ ካን አስክ») መጣል ይቻላል፤ «ዘ ማን ዩ ካን አስክ» ትክክል ነው፣ በንግግርም የሚዘወተረው ይኸው ነው። ክሎዙ በኮማ የታጠረ ከሆነ ግን በምንም መንገድ አይጣልም።

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። ስለ ጓሳ አጭር መግለጫ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር። «ጓሳ ኢዝ ኤ ፕሌስ ዌር ዩ ሹድ ቪዚት» እና «ኤ ፕሌስ ዊች ዩ ካን ሲ ጌላዳስ» የሚሉትን አንድ እንግዳ ሁለቱንም አረመልኝ። ቦታ ከሆነ «ዌር» አይደለም እንዴ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ቦታ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የሚወስነው ክሎዙ ውስጥ ያለው ግሥ ቦታውን ምን እንዳደረገው ነው፤ እሱን ደግሞ የአማርኛው ግሥ ጫፍ ይነግርዎታል።

‹ልትጎበኘው የሚገባ ቦታ› ሲሉ ጫፉ ‹ው› ነው። ቦታው ራሱ ተጎብኚ ነው፤ ስለዚህ «ዛት» ወይም «ዊች»፦ «ኤ ፕሌስ ዛት ዩ ሹድ ቪዚት»። ‹ጭላዳ ልታይበት የምትችል ቦታ› ሲሉ ጫፉ ‹በት› ነው። የሚታየው ጭላዳው ነው፤ ቦታው ማያው ነው። ስለዚህ «ዌር»፦ «ኤ ፕሌስ ዌር ዩ ካን ሲ ጌላዳስ»። የእርስዎ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ማያያዣ ተለዋውጠው ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው።

‹በት› ጊዜንም ይይዛል። በቀድሞው የቄሮ ሥርዓት (ማኅበረሰቡ ጓሳን በጋራ ይጠብቅበት በነበረው ደንብ) ጓሳ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ፣ ሣሩም አይታጨድም ነበር። ‹ሰው ሣሩን ማጨድ የማይችልባቸው ዓመታት› ሲሉ ‹ባቸው› ዓመታቱን ነው የሚያመለክተው፤ ስለዚህ «ዌን»፦ «ዘ ይርስ ዌን ፒፕል ኩድ ኖት ካት ዘ ግራስ»። መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ‹በት› «ዊዝ» ይሆናል፦ ‹ሣር ሊታጨድበት የሚችል ማጭድ› «ኤ ሲክል ዛት ዩ ካን ካት ግራስ ዊዝ» ነው። ያቺን «ዊዝ» እንዳይረሷት።

አሁን ወጥመዱን እንናገር፤ ይህን መለኪያ ተምረው ወዲያው የሚሳሳቱ ስላሉ። ‹በት› ሁሉ የቦታ አይደለም። ‹መሄድ ያለበት ሰው› ሲባል ‹በት› የግዴታው ነው፤ ‹አለበት› ከሚለው የመጣ ነው። እንግሊዝኛው «ዘ ፐርሰን ሁ ማስት ጎ» ነው፤ ‹በት›ን አይቶ «ዌር» የሚል ሰው ከመንገድ ወጣ። ‹ሰው ሊሄድበት የሚገባ ቦታ› ሲባል ግን ‹በት› ‹ሂድ› ከሚለው ግሥ ጋር ነው የተጣበቀው፤ ያኔ የቦታ ነው። ለመለየት ‹ያለበት›ን አውጥተው በ‹የሚገባው› ይተኩት። ‹ሊሄድ የሚገባው ሰው› ብለው ‹በት› ከጠፋ የግዴታ ነበር። ‹ሊሄድበት የሚገባ› ብለው ‹በት› ከቀረ የቦታ፣ የጊዜ ወይም የመሣሪያ ነው።

መግለጫ ስለሚጽፉ ስለ ኮማም እንበል። እንግዳው ስሙን ሰምቶ የትኛው እንደሆነ ካወቀ፣ እንደ ጓሳ ወይም እንደ አንኮበር ያለ የተጸውዖ ስም ከሆነ፣ ክሎዙ በሁለት ኮማ ይታጠራል፤ በኮማ ውስጥ «ዛት» አይገባም። «አንኮበር፣ ዊች ዩ ካን ሪች ፍሮም ደብረ ብርሃን ባይ ካር፣ ዎዝ ኤ ሮያል ካፒታል»። ሁለተኛው ኮማ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በላቲን ሲጽፉ የላቲኑን ኮማ ይጠቀሙ፤ ነጠላ ሰረዝ እንግሊዝኛ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ለቃለ መጠይቅ የተጠሩ ሰዎች ኮፒ ብቻ እንዲይዙ ፈልገን ‹ማምጣት የሌለባችሁ ሰነዶች› ለማለት «ዶክዩመንትስ ዛት ዩ ማስት ኖት ብሪንግ» ብለን ለጠፍን። ኦሪጅናሉን የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ተደናግጠው ‹ይዘን መግባት ክልክል ነው ወይ?› ይላሉ። ምን አጠፋን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የጻፋችሁት ክልከላ ነው፤ ሰዎቹ በትክክል ነው ያነበቡት። አማርኛው ‹የለባችሁም› ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ‹ክልክል ነው› ወይም ‹ግዴታ አይደለም›። እንግሊዝኛ ሁለቱን አያገናኛቸውም። «ማስት ኖት» ክልክል ነው፤ «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ወይም «ኒድ ኖት» አያስፈልግም ማለት ነው።

ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሰውየው ቢያመጣ ጥፋት ነው? አዎ ከሆነ «ማስት ኖት»። ቢያመጣም ባያመጣም ለውጥ ከሌለው «ዱ ኖት ሃቭ ቱ»። የእናንተ ማስታወቂያ «ዶክዩመንትስ ዛት ዩ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ብሪንግ» መሆን ነበረበት። ሠራተኛ እንዳይከፍተው የተከለከለ በር ላይ ግን «ዘ ዶር ዛት ወርከርስ ማስት ኖት ኦፕን» ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ብትጽፉ ‹ካልፈለጋችሁ አትክፈቱት› ብላችሁ ፈቀዳችሁ ማለት ስለሆነ ስሕተቱ አደጋም አለው። ባለቤቱ ሦስተኛ ሰው ነጠላ ሲሆን «ዱ» ወደ «ዳዝ» ይቀየራል፦ «ኤ ወርከር ሁ ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ካም ኦን ሰንዴይ»። ባለፈ ጊዜ ደግሞ «ማስት ኖት» የለም፤ ክልከላው «ወር ኖት አላውድ ቱ»፣ አለማስፈለጉ «ዲድ ኖት ሃቭ ቱ» ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ያለፈ ጊዜ ላይ ሲደርሱ «ሃድ ቱ»፣ «ሹድ ሃቭ» እና «ማስት ሃቭ»ን አንዱን በሌላው ይተካሉ። በቀላሉ የማስረዳበት መንገድ ይኖራል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ይኖራል፤ ነገር ግን የሚጀምረው ከአማርኛው ነው። ተማሪዎችዎ ‹የነበረበት› የሚለውን ይዘው ሦስቱ እንግሊዝኛዎች በር ላይ ይቆማሉ፤ የትኛው እንደሚከፈት ቃሉ ራሱ አይነግራቸውም። ስለዚህ ከመተርጎማቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ነገሩ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?

ተደርጎ፣ ግዴታ ሆኖ ከሆነ «ሃድ ቱ»። ከከተማዎ በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ይውሰዱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ‹በብርድ መሥራት የነበረባቸው ሠራተኞች› ስንል ሠርተዋል፣ ምርጫም አልነበራቸውም፦ «ዘ ወርከርስ ሁ ሃድ ቱ ወርክ ኢን ዘ ኮልድ»።

ሊደረግ ይገባ ነበር፣ ግን አልተደረገም ከሆነ «ሹድ ሃቭ»። ‹ጠዋት 12 ሰዓት መነሣት የነበረበት አውቶቡስ› ስንል አውቶቡሱ በሰዓቱ አልተነሣም፦ «ዘ ባስ ዛት ሹድ ሃቭ ሌፍት አት ሲክስ»። ሰዓቱን በእንግሊዝኛ «ትዌልቭ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ሰዋስዉን ሁሉ በትክክል ሠርቶ እንግዳውን በስድስት ሰዓት ያሳስተዋል፤ ይህንንም አብረው ያርሙ።

ግምት ከሆነ «ማስት ሃቭ»። ለዚህኛው አማርኛ የራሱ የሆነ አገላለጽ ስላለው እንዲያውም ቀላሉ እሱ ነው፦ ‹ሳይ… ያልቀረ›። ‹በብርድ ሳይሠሩ ያልቀሩ ሠራተኞች› «ዘ ወርከርስ ሁ ማስት ሃቭ ወርክድ ኢን ዘ ኮልድ» ነው። ተናጋሪው አላየም፤ ከተራራው ከፍታ ተነሥቶ ይገምታል። ተማሪ ‹ነበረበት› ካለ «ማስት ሃቭ» እንዳይነካ ይከልክሉት፤ ይህ አንድ ክልከላ ብቻውን ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ለልምምድ ሰሌዳው ላይ አማርኛውን ብቻ ይጻፉ፤ ተማሪው መጀመሪያ ‹ተደረገ›፣ ‹አልተደረገም› ወይም ‹ግምት› ብሎ በአንድ ቃል ይመልስ፤ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ‹ሊደርስ ይችል የነበረ አደጋ› የሚለውን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ፤ አልደረሰም፣ ነገር ግን ግዴታ ስላልነበረ «ኩድ ሃቭ» ይሆናል፦ «አን አክሲደንት ዛት ኩድ ሃቭ ሃፕንድ»። በ«ሹድ ሃቭ»፣ በ«ማስት ሃቭ» እና በ«ኩድ ሃቭ» ሁሉ ከ«ሃቭ» ቀጥሎ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ነው የሚመጣው፤ «ሹድ ሃቭ ጎን» እንጂ «ሹድ ሃቭ ዌንት» አይባልም።

ጥያቄ፦ ‹እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እንፈልግ ነበር› ሲባል «ሁ ካን» ነው ወይስ «ሁ ኩድ»? ደግሞ «ሁ ዊል ካን» ስል ይታረምብኛል። (ከሞላሌ)

መልስ፦ «ሁ ኩድ»። የአማርኛው ‹የሚችል› ዋናው ግሥ ቢያልፍም ባያልፍም አይለወጥም፤ እንግሊዝኛው ግን ዋናውን ግሥ ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ዊ ወር ሉኪንግ ፎር ኤ ማን ሁ ኩድ ስፒክ ኢንግሊሽ»። «ዊል» «ውድ»፣ «ሜይ» «ማይት» ይሆናል። ያገኙት ሰው ታውቆ፣ ችሎታው ዛሬም ካለ «ካን» ቢቀርም አይነቀፍም። «ሁ ዊል ካን» የሚታረመው ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን ስለማይቆም ነው። ሁለተኛው ይለወጣል፦ «ሁ ዊል ቢ ኤብል ቱ»። በግዴታም እንዲሁ ነው፤ «ሁ ዊል ማስት» ሳይሆን «ሁ ዊል ሃቭ ቱ»።

ጥያቄ፦ ‹የምጽፍበት እስክሪብቶ ስጠኝ› ለማለት «ኤ ፔን ቱ ራይት ዊዝ» ይባላል አሉኝ። «ካን» የታለ? «ዛት»ስ የት ሄደ? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ሁለቱንም «ቱ» ውጧቸዋል። «ኤ ፔን ዛት አይ ካን ራይት ዊዝ» ቢሉም ስሕተት አይደለም፤ «ኤ ፔን ቱ ራይት ዊዝ» ግን አጭርና የተለመደ ነው። ይህ አሠራር እንደ ሁኔታው «ካን»ንም «ሹድ»ንም ይተካል፦ «ዘ ፐርሰን ቱ አስክ» ማለት ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን መስተዋድድ መጠበቅ ግን ግድ ነው። «ኤ ፔን ቱ ራይት» ብቻ ካሉ እስክሪብቶው የሚጻፍበት መሆኑ ቀርቶ ራሱ የሚጻፍ ነገር ይመስላል። ‹የምቀመጥበት ወንበር› «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን»፣ ‹የማወራው ሰው› «ሰምዋን ቱ ቶክ ቱ» ነው። በሁለተኛው ላይ አማርኛው ‹ው› ብቻ ይዞ እንግሊዝኛው «ቱ» ጨምሯል፤ የአማርኛው ጫፍ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ግሡ የትኛውን መስተዋድድ እንደሚወስድ ከግሡ ጋር አብሮ መጠናት አለበት።

ከ«ፈርስት»፣ «ላስት» እና «ኦንሊ» ኋላ የሚመጣው «ቱ» ግን የሞዳል ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ «ዘ ፈርስት ስቱደንት ቱ አራይቭ» ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የደረሰው ተማሪ ነው፣ መድረስ ያለበት አይደለም። «ሜይ»ንና «ማይት»ንም በ«ቱ» አይተኩ። «ኤ ሮድ ዛት ሜይ ቢ ክሎዝድ» ሊዘጋ የሚችል መንገድ ነው፤ ጉም ወይም ናዳ ይወስነዋል። «ኤ ሮድ ቱ ቢ ክሎዝድ» ካሉ ግን እንዲዘጋ የተወሰነ መንገድ ነው፤ የሰማዎት ሾፌር ሌላ መንገድ ይፈልጋል።